ቤንዚኔን ማን ጠጣው? የተደበቀ የአየር ቀዳዳ በጭስ ስለ መያዝ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ጠርጥሬም ከመመንጠር አልዳንኩም። የተመነጠረው ገንዘቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ የሚበቃ ወሬ ባልሆነ። የአንድ ወጣት ስምም አብሮ ሊሄድ ስለነበር ነው ዛሬ ከወትሮው የሕግና የፖለቲካ ጉዳይ ወጣ ብዬ ስለ መኪና ሞተር የምጽፈው። መኪና ያላችሁ አንባቢያን አንድ ሁለት ነገር ታተርፉበታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሌላችሁም ብትሆኑ መጨረሻውን ሳታዩ አትሂዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜ ጠገብ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። 40 ሊትር ቤንዚን እንደ ነገሩ 10 ቀን ታቆየኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን 9 ቀን መድረስ እያቃታት መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን የሚወስዳት የእህቴ ልጅ ነው፤ እናቱን ገበያ አድርሶ ይመልሳል። እኔም ሒሳቡን በልቤ ሠራሁና ፍርዱን በልቤ ሰጠሁ። አንድ ሰኞ ማታ ጠራሁትና፣ "ቅዳሜ የት የት ነበርክ?" አልኩት።

"እናቴን አድርሼ መለስኳት፤ ሌላ የትም አልሄድኩም፣ ጋሼ።"

"ኪሎ ሜትሩን ያላየሁት መሰለህ?"

እውነቱን ለመናገር አላየሁትም ነበር። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝምታውንም እንደ እምነት ክህደት ቃል ቆጠርኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፉን ሊወስድ አልመጣም። እህቴ ደውላ፣ "ልጁን ምን ብለኸው ነው?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚሁ ሰሞን መኪናዋ ሌላም ምልክት ታሳይ ነበር። መገናኛ አካባቢ መብራት ይዞኝ ስቆም ሚኒሞዋ አይረጋም። መርፌው 1,300 ይደርስና ተመልሶ ወደ 600 ይወርዳል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ነው ስል እንደገና ይነሣል። የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራትም በራች። ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ተቀየረ፤ መብራቱ ጠፍቶ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። ኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ፤ እንደዚያው። ኢንጀክተሮቹ ታጠቡ፤ አሁንም ያው። በሦስተኛው ጉዞዬ መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ "የቤንዚን ፓምፑ ነው፤ ይቀየር" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። መካኒኩ ያደረገው እኔ በልጁ ላይ ያደረግሁትን ነው። ሁለታችንም መጀመሪያ ፈረድን፤ ማስረጃውን በኋላ እንፈልገዋለን አልን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ለካንዴላና ለሴንሰር እንዲህ ያለ ድንጋጌ የወጣላቸው ባይሆንም፣ ያለ ማስረጃ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የሚወጣው ከባለቤቱ ኪስ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሣ። የቤንዚን ሞተር አየር የሚስብ ፓምፕ ነው። የመርፌ ሲሪንጅ ጫፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ እጀታውን ወደ ኋላ ብትስቡ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ይመጠምጠዋል። ፒስተንም ወደ ታች ሲወርድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እግራችን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ስሮትል የሚባለው የአየር መግቢያ ክዳን ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ከክዳኑ ወዲያ፣ ማኒፎልድ በሚባለው የአየር ማከፋፈያ ውስጥ፣ ግፊቱ ከውጭው አየር በጣም ያንሳል። ቫኪዩም የምንለው ይህን ነው። የፍሬን ማገዣው፣ የሞተር ዘይቱን ትነት የሚመልሰው ቱቦና ሌሎችም ቀጫጭን ቱቦዎች የሚሠሩት በዚሁ ስበት ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በውጭ አገር መጻሕፍት የጤናማ ሞተር ቫኪዩም በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ነው ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከ7 እስከ 8 ኢንች ይጎድላል። እንግዲህ ጅቡቲ ላይ 18 የሚያሳየው ያው ሞተር እዚህ ከ10 እስከ 11 ቢያሳይ ደኅና ነው ማለት ነው። መጽሐፉን ብቻ አይቶ "ሞተርህ አልቋል" የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ ፈርማችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስታውሱት።

አሁን ወደ ወንጀሉ እንምጣ። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሁሉ ማለፍ ያለበት በአየር መለኪያው በኩል ነው። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር መጠን አይቶ ቤንዚኑን ይመጥናል። አንድ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ከላላ ግን ያልተለካ አየር በጓሮ በር ይገባል። ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ትርፉን ኦክስጅን ያይና ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። የኔ ቤንዚን የት እንደ ገባ እዚህ ላይ ታየኝ። ትርፍ አየር ገባ፣ ትርፍ ቤንዚን ተከተለው፣ ሞተሩ ቆሞም ከሚገባው በላይ ይሮጣል። በረጅም መንገድ ላይ ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም፤ በቀን ሁለት ሰዓት መብራትና መጨናነቅ ላይ ቆሞ ለሚውል የከተማ መኪና ግን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ማለት ቀላል አይደለም። የልጁ እናት ገበያ የምትሄድበት ሳይሆን እኔ መብራት ላይ የምቆምበት ነበር ቤንዚኑን የጠጣው። ይህን ግን ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም።

ያወቅሁት ደግሞ በራሱ በተከሳሹ ነው። እህቴ አስታርቃን አንድ እሑድ ቤቴ መጣ። ስለ ቤንዚኑ ያነሣ የለም። ስለ ቢጫው መብራት ስነግረው ግን ከኪሱ ክብሪት ሣጥን የምታህል የኮድ ማንበቢያ አወጣና መሪው ሥር ሰካት፤ ቁጥሮቹ ሞባይሉ ላይ መጡ። የስሕተቱ ኮድ ፒ 0171 ነው፤ ትርጉሙም "ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል" ነው። ልብ በሉ፤ ኮዱ "ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሽቷል" አይልም። ሴንሰሩ ያየውን የመሰከረ ምስክር ነበር፤ እኛ ምስክሩን ቀየርነው።

ልጁ በዚህ አላበቃም። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር አለ። በጤናማ መኪና ከዜሮ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 በመቶ ባይርቅ ጥሩ ነው። የኔዋ በሚኒሞ 22 አሳየች። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ሲይዘው ወደ 6 ወረደ። ይህ ልዩነት ትልቅ ማስረጃ ነው። በቀዳዳው የሚገባው አየር በሚኒሞ ጊዜ ከጠቅላላው አየር ብዙ እጅ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር በበሩ ሲስብ ግን የቀዳዳው ድርሻ ያንሳል። ፓምፑ ደክሞ ወይም አየር መለኪያው ቆሽሾ ቢሆን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በጠየቀ ቁጥር ጉድለቱ ይብስ ነበር። ስለዚህ ፓምፑ በነጻ ተለቀቀ። አንድ ማሳሰቢያ ላክል፦ አየሩን በማኒፎልድ ግፊት ብቻ የሚለኩ መኪናዎች አሉ። በእነዚያ ላይ ቀዳዳው ሚኒሞውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ቁጥሩ እንዲህ ጎልቶ ላይታይ ይችላል።

ቀዳዳ እንዳለ ታወቀ፤ የት? በየጋራዡ የተለመደው ዘዴ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ማየት ነው። ሞተሩ ግሏል፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ፣ ላዩ ላይ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ይረጫል። መኪና በዚህ መንገድ ሊቃጠል ይችላልና አታድርጉት፤ ሲደረግም ዝም ብላችሁ አትዩ። ሌላው ዘዴ በጆሮ መስማት ነው። አንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ሌላኛውን ጫፍ ከሚሽከረከሩ ነገሮች አርቃችሁ በየቱቦው ዳር ብታዞሩት ትልቅ ቀዳዳ ሲያፏጭ ይሰማል። ትንሹ ግን አይሰማም። ለትንሹ መድኃኒቱ ጭስ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ማኒፎልዱን በጭስ መሙላት፤ ጭሱ የሚወጣበት ቦታ አየሩ የሚገባበት ቦታ ነው። ለዚሁ የተሠራ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ይሸጣል፤ አቅሙ ላለው ምክሬ እሱን መግዛት ነው። የኛ ልጅ ግን ራሱ ሠርቶ ነው ያመጣው። ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ የቀለም ቆርቆሮ፤ ውስጡ ጥቂት ቤቢ ኦይል፤ በዘይቱ የራሰ የጥጥ ጨርቅ የተጠመጠመበት የናፍጣ መኪና ማሞቂያ ካንዴላ፤ ለካንዴላው ከባትሪ የሚመጣ ገመድ፤ በክዳኑ ላይ ሁለት ቱቦ፣ አንዱ አየር የሚገባበት፣ ሌላው ጭስ የሚወጣበት። አየሩን የሰጠው የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ ነው። በጭሱ ቱቦ ላይ ደግሞ በሦስት መንገድ ማገናኛ አንድ የላስቲክ ጓንት አሰረበት። ጓንቱ ቀስ ብሎ ከተነፋ ግፊቱ በቂ ነው፤ እጅግ ከተወጠረ በዝቷል።

ግፊቱ የቀልድ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው 1 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ነው። ለጎማ 30 እንሞላለን፤ ይህ ከዚያ አንድ ሠላሳኛው ነው። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር በቀጥታ የሰካ ሰው ደኅናውን ቱቦና ጎሚኒ ይበጥሳል፣ ቀዳዳ ፍለጋ ሄዶ ቀዳዳ ይፈጥራል። እሳቱም እንዲሁ። ዘይቱ የሚጤሰው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከበዛ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሥራው ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራ በሌለበት፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ፣ ካንዴላው ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ በርቶ እየጠፋ ይሠራል። የመስታወት ዕቃ አትጠቀሙ። ከሁሉም በላይ ይህን የቤት መሣሪያ ወደ ቤንዚን ጋን በሚሄድ ቱቦ ላይ አትሰኩት። ባለሙያዎች ለዚያ ሥራ ናይትሮጅን የሚጠቀሙት የቤንዚን ትነትና አየር ሲገናኙ ፈንጂ ስለሚሆኑ ነው።

አሠራሩን እንዳየሁት ላስረዳ። ልጁ መጀመሪያ ቁልፉን ነቀለ። ከዚያ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ወፍራም ቱቦ ስሮትሉ ላይ ፈታና የስሮትሉን አፍ በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረው። ጭሱ ወደ አየር መለኪያው ሄዶ በዘይት እንዳያቆሽሸው ነው። ከቤንዚን ጋኑ ትነት የሚያመጣውን ቱቦ ከማኒፎልዱ ነቅሎ ቀዳዳውን ደፈነ። ቀጥሎ የፍሬን ማገዣውን ቱቦ ከማኒፎልዱ ላይ አውጥቶ በቦታው የጭሱን ቱቦ ሰካ። ካንዴላውን አበራ፣ መንፊያውን ከፈተ፤ ጠበቅን። ጭሱ ውስጡን እስኪሞላ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ "ምንም የለም" ብሎ ይነቅላል። ባትሪ መብራት ከጎን ሲበራበት ቀጭን ጭስ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ንፋስ ግን ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል።

የሚታየው ጭስ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። በጭስ ማውጫው በኩል ትንሽ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ሞተሩ ሲቆም የአንዱ ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች በከፊል ተከፍተው ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩን በእጅ ትንሽ ማዞር ይዘጋዋል። በዘይት ትነት ቱቦው አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድም ይገባል፤ ስለዚህ የዘይት ክዳኑና የዘይት መለኪያው ዘንግ ዳር ቢጤስ የእነሱ ጎሚኒ አርጅቷል ማለት ነው፤ ይህም በብዙ መኪና ላይ ያልተለካ አየር ያስገባል። በተለይ የሚታዩት ቦታዎች የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዳር ዳር፣ የኢንጀክተሮቹ ሥር፣ የስሮትሉ ሥር፣ በጎማ ቆብ የተደፈኑ ትርፍ አፎችና የቱቦዎች ክርን ናቸው።

የኔዋ ሌባ ክርኑ ላይ ነበር የተደበቀው። ከሞተሩ ሽፋን ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው የዘይት ትነት ቱቦ ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል። መታጠፊያው ሥር ግን፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ክር የመሰለ ጭስ ወደ ላይ ተነሣ። ልጁ ጣቱን ሲያኖርበት ጭሱ ቆመ፤ ሲያነሣው ቀጠለ። ቱቦውን አውጥተን ስናጥፈው የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ሙቀትና ዘይት ዓመታት ያደረቁት ጎማ ነው። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ሄደን ያንኑ ዓይነት ቱቦ ገዛን። ለሦስቱ የጋራዥ ጉዞ ከከፈልኩት ሃያኛ እጁ አይሞላም።

ገጥመን አላበቃንም፤ ፍርድ ያለ ማረጋገጫ አይጸናምና ጭሱን ደገምነው። የትም አልወጣም። ኮዱን አጥፍተን ሞተሩን አስነሣን። ሚኒሞዋ 700 ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቀን ከነዳኋት በኋላ ያ 22 የነበረው ቁጥር 4 ሆኗል። እናንተም ጋራዥ ብትሄዱ ይህን ጠይቁ፦ ከጥገናው በፊት ስንት ነበር፣ በኋላስ ስንት ሆነ? መልስ የሌለው ጥገና ግምት ነው።

ጭስም ቢሆን ሁሉን አይመሰክርም። ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ በብርድ አይታይም። የፍሬን ማገዣው ውስጥ ያለ ቀዳዳ ደግሞ ቱቦውን ነቅለን ስለምንፈትሽ ያመልጠናል። ለእሱ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን እስኪደነድን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሡ፤ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ጉዳዩ የቤንዚን መሆኑ ይቀርና የሕይወት ይሆናል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባለሙያ አሳዩት።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት አሮጌ መኪና ነው ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ጀመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ደመወዝተኛው ያለችውን አሮጌ መኪና አስታሞ ከማቆየት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። በግምት የሚቀየር ዕቃ ደግሞ ከሁሉም ያስወድዳል።

የመኪናዋ ነገር በዚህ አለቀ። የኔ ግን አላለቀም። ልጁ እጁን ታጥቦ ቆርቆሮውን ሲሰበስብ፣ "ያን ሰኞ ኪሎ ሜትሩን አላየሁም ነበር" አልኩት። "አውቃለሁ ጋሼ" አለኝ። "ቢያዩትማ አይጠይቁኝም ነበር።" ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ማስረጃ ሳወራና ስጽፍ የኖርኩት እኔ፣ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን ማስረጃ አንገቴን ሰበር አድርጌ ለማየት ሰነፍኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ቅዳሜ መጥቶ ቁልፉን ወሰደ፤ እናቱም ገበያዋን አደረሰች።

ቸር ይግጠመን።